የዝናማችን መዝገብ የት ነው?

በአገራችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ፣ ስለ ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ጨዋታ የሰማዩን ነገር ነው። «ዘንድሮስ ዝናሙ ዘገየ»፤ «የዘንድሮው ብርድ ከአምናው ባሰ»፤ «ድሮ እንዲህ ያለ ሙቀት መች ነበረ?» ይባላል። ይህን የሚናገረው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ይናገረዋል። ነገር ግን ተናጋሪውን አቁመን «አምና በዚህ ወር ስንት ዝናም ወረደ? የዛሬ ዐሥር ዓመትስ?» ብለን ብንጠይቀው መልስ አናገኝም። በትዝታ የምናውቀው ብዙ ሲሆን በቍጥር የምናውቀው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በትዝታና በቍጥር መካከል ያለው ርቀት አገርን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማመልከትና፣ ርቀቱን ለማጥበብ ከተማሪውና ከወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ምን እንደሚፈለግ ለማሳሰብ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ሳንፈልግ ከዚሁ ከዋና ከተማችን፣ ከጉለሌ፣ ከቀጨኔ እንጀምር። ቀጨኔ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተቀመጠ፣ በሸክላና በሽመና ሥራው የታወቀ ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪዋ እናት ጭቃውን አቡክታ፣ ጀበናውን ወይም ምጣዱን በእጇ አበጅታ ከጨረሰች በኋላ የሚቀራት ሥራ ማድረቅና በእሳት መተኰስ ነው። በሚገባ ሳይደርቅ ወደ እሳት የገባ ሸክላ፣ በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይሰነጥቀዋል። በሚተኰስበት ሰዓት ዝናም ከወረደበትም የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ሠሪዋ ዕቃዋን ወደ ውጭ ከማውጣቷ በፊት ቀና ብላ እንጦጦን ታያለች። ደመናው የት እንደ ቆመ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ተመልክታ፣ ከእናቷ በተማረችው መሠረት ትፈርዳለች።

ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። አስተውሎ፣ ካለፈው ጋር አነጻጽሮ፣ ስለሚመጣው መፍረድ ማለት ትንበያ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ዐይን የሚደርሰው እስከ ተራራው ጫፍ ነው። ክረምቱ በሰኔ መጀመሪያ ይገባ ወይም እስከ ሐምሌ ይዘገይ እንደ ሆነ፣ ዝናሙም በመስከረም ይወጣ ወይም እስከ ጥቅምት ይቈይ እንደ ሆነ የእንጦጦ ደመና ሊነግራት አይችልም። ይህን ለማወቅ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ማስታወሻ ያስፈልጋል።

የአየር ጠባይ የአገርን ታሪክ እስከ መለወጥ እንደሚደርስ ለመረዳትም ከቀጨኔ ሽቅብ መመልከት ይበቃል። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በመጀመሪያ በእንጦጦ ላይ አድርገው ነበር። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ጠላትን ለመከላከል ቢያመችም፣ ብርዱና ነፋሱ የሚቻል አልሆነም፤ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ካደረጉ በኋላ ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ፤ አዲስ አበባም ተባለ። እንግዲህ ይህች ከተማ ዛሬ ባለችበት ሥፍራ የተቈረቈረችው በከፊል በብርድ ምክንያት ነው ማለት ነው።

አንድ አገር፣ ብዙ ሰማይ

የኢትዮጵያን አየር ጠባይ መመዝገብ ከሌላው አገር ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ በሚገኘው በዳሎል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ሰው በሚኖርበት ሥፍራ ከተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው ይባላል። ከዚያ በስተ ምዕራብ ደግሞ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በዚያም ውርጭና በረዶ እንግዳ አይደሉም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት ተመልክተው አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፋፈሉት። መሣሪያ ሳይኖራቸው የሠሩት የአየር ንብረት ካርታ ነበር ለማለት ይቻላል።

ወቅቱንም እንዲሁ ወስነውታል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከዚያም መጸው፣ በጋና ጸደይ በየተራቸው ይከተላሉ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውም ምሳሌ ያለ ምክንያት አልተነገረም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት የሚሸፍንላት ደመና ስለማይኖር ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሌሊቱም ይበርዳል። ምሳሌው የአየሩን ጠባይ በትክክል ይዞታል። ነገር ግን የዘመን መቍጠሪያና ምሳሌ የሚነግሩን የተለመደውን ነው። ከተለመደው የወጣው ዓመት የትኛው እንደ ሆነ፣ ምን ያህልም እንደ ወጣ አይነግሩንም፤ ሕዝብን የሚጐዳው ደግሞ ያ ከልማዱ የወጣው ዓመት ነው።

የዝናሙ አመጣጥም አንድ ዐይነት አይደለም። የዝናሙ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በክረምት ወደ እኛ ሲመጣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ተራሮቻችንን ይገጥማል፤ ተራራው አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አየሩም ሲወጣ ይቀዘቅዝና የተሸከመውን እንፋሎት ዝናም አድርጎ ይጥለዋል። በዚህም ምክንያት በምዕራብ አንድ ረዥም የዝናም ወራት አለ። በመካከለኛውና በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ከክረምቱ በፊት በልግ ይዘንባል። በቦረናና በሶማሌ ምድር ግን ዝናሙ የሚመጣው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቀጥሎም በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ደገኛው ጐርፍ ሲፈራ እነርሱ በደረቅ ወራት ላይ ናቸው። በአንዲቱ በአዲስ አበባ እንኳ በእንጦጦ ግርጌና በአቃቂ ሜዳ የሚወርደው ዝናም እኩል አይደለም። ስለዚህ «ዘንድሮ ለኢትዮጵያ ዘነበላት» ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም፤ የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሚሊሜትር ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ዝናማችንን ማን ለካልን?

ስለ ኢትዮጵያ ዝናም የሚናገረው ጥንታዊ የቍጥር መዝገብ የሚገኘው በካይሮ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅ ይሆናል። በዚያ ከተማ፣ በሮዳ ደሴት ላይ፣ የዓባይን ከፍታ የሚለካ የድንጋይ ዐምድ አለ። አሁን የሚታየው ሕንጻ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ861 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ የየዓመቱ የውሃ ከፍታ መዝገብ ግን ከ622 ዓ.ም. ጀምሮ ይገኛል። በክረምት የሚመጣው የዓባይ ሙላት ደግሞ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርደው ዝናም ነው። ግብፃውያን ያን ዐምድ እያዩ የሚመጣውን መከር ይገምቱ ነበር፤ የግብሩም መጠን በውሃው ከፍታ ይወሰን ነበር። እንግዲህ በጐጃምና በጐንደር ተራራ ላይ የወረደውን ዝናም፣ ሌላ ሕዝብ በሌላ አገር በሺህ ለሚበልጡ ዓመታት በጽሑፍ ያዘው። ዝናሙን የላክነው እኛ ሆነን መዝገቡን የጻፉት እነርሱ ናቸው።

በአገራችን ውስጥ በመሣሪያ የተደረገውን ቀደምት ልኬት የምናገኘውም በመንገደኛ መጽሐፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 እና በ1771 በጐንደርና በቍስቋም በነበረ ጊዜ፣ አፉ አንድ ጫማ የሚሰፋ ዕቃ አስቀምጦ የወረደውን ዝናም በየጊዜው እየለካ ጽፏል። ከርሱም በኋላ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ በአገራችን ሲዘዋወር የሙቀቱንና የአየሩን ልኬት ይዞ፣ በ1873 አሳትሞታል። እነዚህ ሰዎች የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን መንገደኛ ሲሄድ መዝገቡም አብሮት ይሄዳል። የቀረነው ሰዎች የወረደውን ዝናም አይተን ዝም አልን።

በመንግሥት ደረጃ የአየር ጠባይን የሚከታተል አንድ ትንሽ ክፍል የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ውስጥ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አብራሪው ያለ አየር ጠባይ ወሬ ሊነሣ አይችልም፤ የአውሮፕላን አደጋ በአንድ ደቂቃ ይታያል። የገበሬው እህል ግን የሚደርቀው ቀስ በቀስ ነውና የሚያየው ሰው አልቸኰለም። ከወሎው ረሀብ በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ጣቢያዎችም ተተክለዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ለዚህ ሁሉ ተራራና ቆላ አይበቃም።

የ«ሰኔና ሰኞ» ፈተና

መዝገብ ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ እንመርምር። «ሰኔና ሰኞ» ሲገጥም፣ ማለት ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ሲውል፣ ዓመቱ የመከራ ዓመት ይሆናል የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የለም። ይህም ራሱ አንድ ዐይነት ትንበያ ስለ ሆነ ከመሳቅ በፊት ልንፈትነው ይገባል።

በ2007 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ዋለ። በዚያው ክረምት በሰሜን፣ በመካከለኛውና በምሥራቁ ክፍል በብዙ ቦታ ዝናሙ ጐደለ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ መሆኑ ተነገረ። በአነጋገሩ የሚያምን ሰው «አላልኋችሁም?» ሊል ይችላል። መልካም፤ መዝገቡን እንግለጥ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን እንደ ገና ሰኞ ዋለ። በዚያ ዓመት ሌላ መከራ ቢኖርም የክረምት ዝናም እጦት ግን አልነበረም። እንዲያውም አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሕዝብ አፈናቀለ፤ የታላቁ ሕዳሴ ግድብም በሐምሌ ወር የመጀመሪያውን ሙሌት አገኘ። ወደ ኋላ ብንመለስ ደግሞ የወሎ ረሀብ በበረታበት በ1965 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን የዋለው ዓርብ ነበር። ከ1977ቱ ታላቅ ረሀብ በፊት የነበረው የ1976 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀንም ዓርብ ነበር። የምልክቱ ባለቤቶች እጅግ የከፉትን ሁለት ዓመታት አላዩአቸውም ማለት ነው።

ታዲያ አነጋገሩ ለምን ኖረ? ሰው የገጠመለትን ያስታውሳልና፣ ያልገጠመውን ይረሳልና። ይህ የገበሬው ድካም ብቻ አይደለም፤ የተማረውም ሰው ትዝታ የሚሠራው እንዲሁ ነው። የ2018 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀንም ሰኞ ነው። ስለዚያ ክረምት በቡና ቤት የሚነገረውን ከመቀበል በፊት፣ የየወረዳውን ሚሊሜትር መጠየቅ የተማሪ ወግ ነው።

ትንበያ በምን ይሠራል?

የዛሬው የወቅት ትንበያ ትልቁ ምስክሩ ባሕር ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ጊዜ የሕንድን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ከ1904 እስከ 1924 የመራው ሰር ጊልበርት ዎከር፣ የሕንድ ዝናም የሚቀርበትን ዓመት አስቀድሞ ለማወቅ ሲደክም ከየአገሩ ቍጥር ሰበሰበ። ከሰበሰበውም ውስጥ አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር። በዚህ ዐይነት የፓስፊክና የሕንድ ውቅያኖስ አየር እንደ ሚዛን ሁለት እጆች አንዱ ሲወጣ አንዱ እንደሚወርድ ደረሰበት። የእኛ ዝናም በካይሮ ስለ ተለካ ለዓለም ሳይንስ አገልግሏል፤ በእኛ ዘንድ ቢለካማ ኖሮ እንዴት በበለጠ!

በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይባላል። ያን ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናም የመቀነስ ዝንባሌ ይታይበታል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳሩ ዝናም መብዛት ይቀናዋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ላ ኒኛ ይባላል፤ ነገሩም ይገለበጣል። የ2007ቱ ክረምት የኤል ኒኞ ክረምት ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ምድር አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሲከሽፉና የአርብቶ አደሩ ከብት ሲያልቅ ደግሞ ዘመኑ የላ ኒኛ ነበር። ይህ ግን ዝንባሌ ነው፤ እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። የአገራችን ትንበያ ሠሪዎች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ያለፉትን ተመሳሳይ ዓመታት መፈለግ ነው። የዘንድሮውን ባሕር ሁኔታ ይመለከቱና «ይህን የመሰለ ባሕር ከዚህ በፊት በየትኞቹ ዓመታት ነበረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዓመታቱ ከተገኙ በኋላ «በእነዚያ ዓመታት በደሴ፣ በነገሌ፣ በመቀሌ ስንት ዘነበ?» ይባላል። የባሕሩን ሙቀት የዓለም መርከቦችና ሳተላይቶች ይነግሩናል። የደሴን ዝናም ግን ሊነግረን የሚችለው በደሴ የተያዘ መዝገብ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ታዛቢው ታሞ፣ ወይም ደመወዙ ተቋርጦ፣ ወይም ጦርነት መጥቶ ገጹ ባዶ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ሊቁ ቢራቀቅ የሚያነበው የለውም። የአንድን ሥፍራ መደበኛ ዝናም ለማወቅ 30 ዓመት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ያለፈውን አንድ ወር ግን በማንኛውም ገንዘብ መልሶ መግዛት አይቻልም።

«ሳተላይት አለ፤ ከእንግዲህ በየመንደሩ ዕቃ ማስቀመጥ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሳተላይት የሚያየው የደመናውን ራስ ነው፤ መሬት የደረሰውን ጠብታ አይቈጥርም። በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ቱፋ ዲንቁና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ ከአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው፣ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ክፍተት በሳተላይት ግምት ለመሙላት ደክመዋል። ሥራው የተቃናው ግን የሳተላይቱ ግምት በመሬት ላይ በተለካው ቍጥር እየታረመ ስለ ሆነ ነው። መለኪያው ባይኖር አራሚ አይኖርም ነበር።

ስለ ሚሳለቁት ሰዎች

«ሬዲዮው ይዘንባል አለ፤ ፀሐይ ወጣ» እያሉ መሳቅ የተለመደ ነው። ይህ ሣቅ በእኛ አገር አልተጀመረም። በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለው መርከብ በእንግሊዝ ጠረፍ በማዕበል ተሰባብሮ ከ400 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ አድሚራል ሮበርት ፊትዝሮይ በቴሌግራፍ ወሬ እየሰበሰበ የማዕበል ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመረ። ከነሐሴ 1861 አንሥቶ ትንበያው በታይምስ ጋዜጣ ወጣ። ሲሳሳት ብዙ ተሣቀበት። እርሱ በ1865 ከሞተ በኋላ «ሳይንስነት የለውም» ተብሎ ማስጠንቀቂያው ቀረ። ነገር ግን ዓሣ አጥማጆችና መርከበኞች «መልሱልን» ብለው ጮኹ፤ በ1867 ተመለሰ። በሥራው ሕይወታቸው የተጠበቀላቸው ሰዎች ከሣቂዎቹ ይልቅ ዋጋውን ያውቁ ነበር።

የወቅት ትንበያ የሚነገረው በዕድል መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል ከመቶ 45 እጅ ከመደበኛ በታች፣ 35 እጅ መደበኛ፣ 20 እጅ ከመደበኛ በላይ ይዘንባል ቢባል፣ ከመደበኛ በላይ ስለ ዘነበ ብቻ ትንበያው ሐሰት ነበር አይባልም። ከመቶ 20 ዕድል ተሰጥቶት ነበርና። ትክክለኛው ፍርድ የሚገኘው የብዙ ዓመት ትንበያ ከብዙ ዓመት ዝናም ጋር ጐን ለጐን ሲቀመጥ ነው። በዚህ በኩል መሥሪያ ቤቱም ዕዳ አለበት። ከእያንዳንዱ ወቅት በኋላ «ይህን ብለን ነበር፤ የሆነው ይህ ነው» ብሎ ለሕዝብ በግልጽ ሒሳብ ማቅረብ ይገባዋል። ደግሞም «በምዕራብ አጋማሽ አንዳንድ ሥፍራዎች» የሚል ቃል ለአንድ ወረዳ የግብርና ሠራተኛ ወይም ለቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ብዙ አይረዳም። ዕድሉ በቍጥር፣ ቦታው በስሙ፣ ቋንቋው በአገሬው ቢሆን ጥቅሙ ይበዛል።

ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

አሁን ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እናመልክት። የዝናም መለኪያ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል። አንድ ሚሊሜትር ዝናም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ታዛቢው መጥቶ አይቶ ምንም ውሃ ካላገኘ «0» ይጽፋል። ያልመጣ እንደ ሆነ ግን ሥፍራውን ባዶ መተው፣ ያልታየ መሆኑንም ማመልከት አለበት። «0» ማለት «አየሁ፤ አልዘነበም» ማለት ነው። ባዶ ማለት «አላየሁም» ማለት ነው። ባዶውን ሁሉ በዜሮ የሞላ ጸሐፊ በወረቀት ላይ ድርቅ ይፈጥራል። ዜሮውን ለማሳመር ግምት የጻፈ ደግሞ እውነተኛውን ድርቅ ይሰውራል። ሁለቱም በኋላ ዘመን የሚመጣውን ሰው ያሳስታሉ፤ ያም ሰው ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ወሬው እንዲሰወር ተደርጎ ነበር። ችግሩን በጊዜው በቍጥር አውጥቶ የሚናገርና የሚሰማ ባለመገኘቱ ብዙ ሺህ ሰው ረገፈ። በ2008 ዓ.ም. ግን ድርቁ እጅግ ብርቱ ሳለ የኤል ኒኞ ወሬ አስቀድሞ ስለ ታወቀ፣ ርዳታውም ስለ ተንቀሳቀሰ፣ የ1977ቱ ዐይነት ዕልቂት አልደረሰም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይ ልዩነት ነው ብለን አናምንም። ያወቁትን በጊዜ የመናገርና የተነገረውን የመስማት ልዩነት ነው።

የጐርፍም ነገር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በሐረርጌ ተራሮች ላይ የወረደው ዝናም ደቻቱን ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። የተኙት ሰዎች ራስጌያቸው ላይ፣ በተራራው፣ ስንት እንደ ዘነበ አላወቁም ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ብርቱ ዝናም የጠጣው ተራራ ተንዶ ሰው ቀበረ። ለማዳን የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ የሞቱትም ከ200 በላይ ሆኑ። የቀጨኔም ወንዝ የሚነሣው ከእንጦጦ ነው። በተራራው ላይ በአንድ ጋሻ፣ ማለት በ40 ሄክታር መሬት ላይ፣ 30 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድ 12 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ቍልቍል ሲመጣ ከታች ያለው ሰው ምናልባት ጠብታ እንኳ አላየ ይሆናል። በተራራው ላይ የተተከለ አንድ መለኪያና አንድ ስልክ ያለው ታማኝ ሰው በዚያች ሰዓት የሚሠራውን ሥራ፣ በማግስቱ የሚመጣ ብዙ ርዳታ አይሠራውም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የሚጠይቀው ብዙ ወርቅ አይደለም። የዝናም መለኪያ ተራ ዕቃ ነው፤ ውድ የሚሆነው በየጠዋቱ የማይቀር ሰው ማግኘት ነው። ስለዚህ በቀጨኔም ሆነ በሌላ ሥፍራ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ በግቢው አንድ መለኪያ ቢኖረው፣ ተማሪዎች በተራ እያነበቡ በደብተር ቢጽፉ፣ ደብተሩም ከተማሪው ወደ ተማሪው፣ ከመምህሩ ወደ መምህሩ በርክክብ ቢተላለፍ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ከየትም የማይገዛ ሀብት ይሆናል። ተማሪውም ሒሳብን፣ ጂኦግራፊንና እውነት መናገርን በአንድ ጊዜ ይማራል።

ወጣቱ የወረዳ ሠራተኛም የሚቲዎሮሎጂ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ሲመጣ «ይህ የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ መሳቢያ አይክተተው። ዘሩን መቼ እንደሚያድል፣ መንገዱን መቼ እንደሚጠግን፣ ክትባቱን መቼ እንደሚልክ የሚወስነው ሰማዩ ነውና። የሽማግሎችንም ቃል ይስማ፤ «በዚያ ዓመት ወንዙ እስከዚህ ደርሶ ነበር» የሚሉትን ሥፍራና ዓመቱን ጠይቆ ይጻፍ። የሸክላ ሠሪዋ ዐይን የሚያየውን መለኪያው ይመዝግበው፤ መለኪያው የመዘገበውንም በምትረዳው ቃል ይመልስላት።

ዝናምን የማዝነብ ሥልጣን ለሰው አልተሰጠም። የዘነበውን የመጻፍ ሥራ ግን የእኛ ነው። ልጆቻችን ስለ እኛ ዘመን ክረምት ሲጠይቁ እንደ እኛ ካይሮ ድረስ እንዳይሄዱ፣ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚያነብና የሚጽፍ ሰው በየሰፈሩ ይገኝ።